የእናቱን ዕጣ ከሆሄያት መካከል፦ በጅማ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ

የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ከደጃፌ ቆመው አገኘኋቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ አሥራ አራት ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል። አንገታቸው ላይ ያለው እንቅርት ዓመት በዓመት እየተለቀ ሄዶ፣ እህል ለመዋጥም ጋደም ብሎ ለመተንፈስም ያስቸግራቸው ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ብሎ ቀን ቆርጦላቸዋል። እኔ ዘንድ የመጡት ቀጠሮው ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

«ልጄ አትሄጂም አለኝ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ ስምሽን ከሞት ጋር ተጽፎ አገኘሁት ይላል። አንተ የቁጥር ሰው ነህ፤ እስቲ እየው።»

ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ስለ ዕድልና አጋጣሚ በሳንቲምና በዳይስ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ትምህርቱ በሰው አንገት ላይ ሲመጣብኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጉዳዩን የምጽፈው እናትም ልጅም ፈቅደውልኝ ነው። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና የታከሙበትን ስፍራ ትቼዋለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ፊደላት ውስጥ የተሰወረ መልእክት አለ የሚለው ወሬ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው፤ ብዙ ጊዜም እምነትን እንደሚያጸና ነገር ተደርጎ ይቀርባል። እዚህ ቤት ግን አንዲት እናት ሕክምናቸውን ሊተዉበት ደርሰው ነበር።

ልጁና ያገኘው ነገር

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። መርካቶ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። ከእናቱ በቀር ማንም የለውም። አባቱ የሞተው እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ በእግሩ ሆስፒታል ገብቶ በሳጥን ወጣ። በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ስለ ሄደ ማንንም የሚያስወቅስ ነገር አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ይህን አይረዳም፤ እሱ የሚያስታውሰው የሆስፒታሉን በር ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ነገሩን በሌላ መንገድ እጀምረው ነበር።

የእናቱ ቀጠሮ ከተቆረጠ በኋላ እንቅልፍ አጣ። ሌሊት ሌሊት በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ስለ ፊደል ምሥጢሩ ሰማ። በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጫነ፤ የኦሪትን የዕብራይስጥ ጽሑፍ አወረደ፤ ሃያ ሁለቱን ሆሄያት በአንድ ሳምንት ለየ። ቋንቋውን ግን አያውቅም። ይህ ነገር ኋላ ላይ ትልቅ ትርጉም ስለሚኖረው አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በዚያው ዕለት ማታ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። መብራት ሄዶ ስለ ነበር ፊቱን የሚያበራለት የኮምፒውተሩ ብርሃን ብቻ ነበር። ከስክሪኑ ላይ ሃያ በሃያ ሆኖ የተደረደረ የዕብራይስጥ ፊደል ሰሌዳ ይታያል። የእናቱ ስም በአራት ሆሄያት ከላይ ወደ ታች በቀይ ተቀብቷል። በግራ በኩል ደግሞ ሦስት ሆሄያት በሰያፍ ወርደው ስሙን ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም፤ ሜም፣ ዋው፣ ታው። መዝገበ ቃላት አላስፈለገውም። ግእዝና ዕብራይስጥ ዘመዳሞች ናቸው፤ የእነሱ ሜም ዋው ታው የእኛው ሞት ነው።

«ይኸው ጋሼ» አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔም ወዲያው ማስላት ጀመርኩ። በኦሪት ውስጥ ከመቶ ሆሄያት ወደ 8 የሚሆኑት ሜም፣ ወደ 10 የሚሆኑት ዋው፣ ወደ 6 የሚሆኑት ደግሞ ታው ናቸው። ሦስቱ በዚህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ ሊገጥሙ የሚችሉት ከ10,000 ሙከራ 5 ጊዜ ያህል ነው። ሃያ በሃያ በሆነ ሰሌዳ ላይ 400 ሆሄያት አሉ፤ ከእያንዳንዱ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎንና በሰያፍ በስምንት አቅጣጫ ማንበብ ይቻላል። ይህ ሲባዛ 3,200 ሙከራ ይሆናል። ስለዚህ ከማንኛውም እንዲህ ካለ ሰሌዳ «ሞት» የሚለው ቃል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢወጣ የሚጠበቅ ነው። የማንም ስም መሐል ላይ ይቀመጥ፣ ሞት ከአጠገቡ አይጠፋም።

በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን መልስ ሰጠኝ፦ «ቁጥሩ እውነት ነው ጋሼ። እናቴ ግን አንድ ናት።»

ላፕቶፑን አጥፎ በዝናቡ ወጣ። ያን ሌሊት እኔም አልተኛሁም።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ

የፊደል ዝላይ ፍለጋ፣ ማለትም ሆሄያትን በእኩል ርቀት እየዘለሉ ቃል መፈለግ፣ የጀመረው በኮምፒውተር አይደለም። ሚካኤል ዶቭ ቫይስማንድል የተባሉ የስሎቫኪያ ረቢ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አይሁድን ከሞት ለማትረፍ ደፋ ቀና ሲሉ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን በናዚዎች እጅ ያጡ ሰው፣ የኦሪትን ሆሄያት በእጃቸው እየቆጠሩ ያጠኑ ነበር። ካስተዋሏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ሲጀምር የመጀመሪያውን ታው ይዘህ በየ50ው ብትቆጥር ታው፣ ዋው፣ ሬስ፣ ሄ ይወጣል፤ ይህም «ቶራ»፣ በእኛ አጠራር «ኦሪት» ማለት ነው። በዘፀአትም እንዲሁ ይሆናል። በዘኍልቍ ቃሉ ተገልብጦ ይገኛል። በዘዳግም ግን ዝላዩ 49 ይሆንና ቆጠራው ከቁጥር 5 ይጀምራል። በመካከል ባለው በዘሌዋውያን ደግሞ ከመጀመሪያው ዮድ ተነሥቶ በየ8ቱ የእግዚአብሔር ስም ይወጣል፤ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ። ረቢው እ.ኤ.አ. በ1957 ዓረፉ።

እ.ኤ.አ. በ1994 ዶሮን ዊትስቱም፣ ኤሊያሁ ሪፕስና ዮአቭ ሮዘንበርግ «ስታቲስቲካል ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። የ32 የታወቁ ረቢዎች ስምና የልደት ወይም የሞት ቀናቸው በዘፍጥረት ሆሄያት ውስጥ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ተቀራርቦ ይገኛል የሚል ነው። መጽሔቱ ጥናቱን ያወጣው ለአንባቢዎቹ እንደ ከባድ እንቆቅልሽ አድርጎ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ አውስትራሊያዊው ብሬንደን መኬይ ከእስራኤላውያኑ ከድሮር ባር ናታን፣ ከማያ ባር ሂለልና ከጊል ካላይ ጋር ሆኖ በዚያው መጽሔት መልስ ሰጠ። አንድ ረቢ ብዙ መጠሪያ አለው፤ ስሙም በተለያየ መንገድ ይጻፋል። የትኛው ይግባ የትኛው ይቅር የሚለው ምርጫ ልቅ ከሆነ ውጤቱን ወደ ፈለጉበት መሳብ ይቻላል። ይህንንም በዕብራይስጥ በተተረጎመው በቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ላይ አሳዩ። ርዝመቱ ዘፍጥረትን ከሚያህል ክፍል፣ ስሞቹን እያመቻቹ፣ ያንኑ የሚመስል «ተአምር» አወጡ።

ለእኛ አገር ሰው ይህ የስም ነገር ቅርብ ነው። እትዬ የቤት ስም አላቸው፤ የመታወቂያ ስም አላቸው፤ የክርስትና ስም አላቸው። የቤት ስማቸውን ብቻ እንኳ በዕብራይስጥ ሆሄ ልጁ በሦስት መንገድ ጽፎት ነበር፤ በዋው፣ ያለ ዋው፣ መጨረሻውን በሄ። ስንቱን እንደ ሞከረ ስጠይቀው አልደበቀኝም፤ ዘጠኝ አጻጻፍ ሞክሮ ሰባቱን ትቷል። የተተዉትን ሰባት ለእናቱ አልነገራቸውም ነበር። ሊያታልል አስቦ አይደለም። ፈላጊ ሰው ያጣውን አይቆጥርም።

ከአንድ ቀን በኋላ ግን ካሰላሁለት ቁጥር ሁሉ ይልቅ ልቡን የነካው የራሱ የኤሊያሁ ሪፕስ ቃል ሆነ። ሪፕስ ጥናቱን ፈጽሞ አልካደም፤ ምሥጢሩ አለ ብሎ ጸንቶ ኖሯል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ጋዜጠኛ ከሆሄያቱ የወደፊቱን ማወቅ ይቻላል የሚል መጽሐፍ አውጥቶ ዓለምን ሲያናውጥ፣ ሪፕስ በይፋ ተቃወመው። ከእነዚህ ሆሄያት መልእክት ለማውጣትም ሆነ የሚመጣውን ለመተንበይ መሞከር ከንቱና ዋጋ ቢስ ነው አለ። ልጁ ይህን ደጋግሞ አነበበው። «ያመነው ሰው ራሱ እንዲህ ካለ» ብሎ ዝም አለ። በቪዲዮዎቹ ውስጥ የሪፕስ ስም በየቦታው ይጠራል፤ ይህን ቃሉን ግን አንዳቸውም አላነሡትም ነበር።

ካሬ ደብተር ላይ የሆነው

እሑድ ከሰዓት መሪጌታን ጠራኋቸው። ቅኔ ያስተማሩ፣ መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው የሚወጡ አዛውንት ናቸው። ዕብራይስጥ አያነቡም። የሆሄያቱን ስም ግን ከልጁ ይልቅ አጥርተው ያውቃሉ፤ በግእዙ ዳዊት በመቶ አሥራ ስምንተኛው መዝሙር ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ እስከ ታው ሃያ ሁለቱም ተዘርዝረዋልና። ያ መዝሙር በዕብራይስጡ መቶ አሥራ ዘጠነኛ ነው። 176 ቁጥር አለው፤ በየስምንቱ ተከፍሎ፣ ስምንቱ ቁጥሮች በአንድ ሆሄ ይጀምራሉ። መጽሐፉ በፊደል መጫወት ሲፈልግ እንዲህ በአደባባይ ነው የሚጫወተው። ኤርምያስም «ሼሻክ» ሲል ባቢሎንን ማለቱ ነው፤ የመጀመሪያውን ሆሄ በመጨረሻው፣ ሁለተኛውን ከመጨረሻው በሁለተኛው የመለወጥ የታወቀ የጸሐፍት ዘዴ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የፊደል ጥበብ የለም የሚል ሰው አያምነኝ። አለ፤ ነገር ግን ጸሐፊው ያወቀው፣ አንባቢውም ሊያየው የሚችለው ነው።

ልጁ በካሬ ደብተር ላይ የዘፍጥረትን መጀመሪያ በየመስመሩ 50 ሆሄ አድርጎ ገለበጠው። አንድ ሰዓት ፈጀበት። ከዕብራይስጥ ቀኝ ጀምሮ ስድስተኛው ዓምድ ላይ ቶራ የሚለው ቃል እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆመ፦ በመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ያለው ታው፤ «ጥልቅ» ከሚለው ቃል ዋው፤ «አየ» ከሚለው ሬስ፤ በአምስተኛው ቁጥር «ኤሎሂም» ከሚለው ሄ። 6፣ 56፣ 106፣ 156። እኔም ቆጠርኩት፤ ልክ ነው። በመጀመሪያ ሲያዩት ልብን ይይዛል፤ ይህን መካድ አልፈልግም።

ቀጥሎ ዘሌዋውያንን በየመስመሩ ስምንት ስምንት አድርጎ ጻፈ። አራት መስመር ይበቃዋል፤ በመስመሮቹ ሁለተኛ ዓምድ ላይ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ ወረደ። መጨረሻው ሄ 26ኛው ሆሄ ነው። ልጁ ተነሥቶ ቆመ፤ የመለኮታዊው ስም ሆሄያት በቁጥር ሲደመሩ 10፣ 5፣ 6፣ 5፣ በአንድነት 26 ነዋ! እንባው ቀረረ። እኔም ለአፍታ ምን እንደምል ጠፋኝ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ደብተሩ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ንባቡ ምን ይላል?»

ልጁ አያውቅም። የቆጠረውን አንቀጽ አንብቦት አያውቅም። አማርኛውን ከፈተ፤ እግዚአብሔር ሙሴን ጠርቶ ከመገናኛው ድንኳን ተናገረው ይላል።

«እግዚአብሔር የሚለው በዕብራይስጡ የት ላይ ነው?»

ፈለጉት። አሥራ ስድስተኛው ዮድ፣ አሥራ ሰባተኛው ሄ፣ አሥራ ስምንተኛው ዋው፣ አሥራ ዘጠነኛው ሄ። ከሁለተኛው መስመር መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሦስተኛው የተሻገረ፣ ያልተሰወረ፣ ሳይዘለል የሚነበብ ስም። በየስምንቱ ሲቆጠር የተገኘው ዋው ደግሞ ሌላ አልነበረም፤ የዚያው የግልጹ ስም ዋው ነው። ልጁ የተሰወረውን ስም ፍለጋ በግልጹ ስም መካከል ረግጦ አልፎ ነበር።

መሪጌታ ስለ ቅኔ ትንሽ ተናገሩ። ወርቅ የሚወጣው ከሰሙ ነው፤ ሰሙን የጣለ ሰው ወርቁን አያገኘውም አሉ። እንደ ሰማኋቸው፣ ይህን ጉዳይ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ገብቷቸዋል። ባለ ቅኔው ሰሙንም ወርቁንም በአንድ አፍ ይናገራል፤ ሰሚው ቃሉን ሰምቶ ነው ምሥጢሩን የሚያገኘው። በዝላይ ቆጠራ ግን ቃሉ ተበትኖ፣ ትርጉሙ ተጥሎ፣ ሆሄው ብቻ ይቀራል። ስለ ሙሴ የሚናገረው ክፍል ስለ ሙሴ መናገሩን ያቆማል።

በዚያ ላይ ቁጥሩ አለ። የመለኮታዊው ስም አራት ሆሄያት በዕብራይስጥ በብዛት ከሚገኙት መካከል ናቸው፤ ዮድና ዋው ከመቶው ወደ 10 እያንዳንዳቸው፣ ሄ ወደ 9። ዘሌዋውያን 44,790 ሆሄያት አሉት። በማንኛውም አንድ ዝላይ ብትቆጥር ይህ ስም ሦስት ወይም አራት ጊዜ በአጋጣሚ ይጠበቃል። በመላው ኦሪት፣ በ304,805 ሆሄያት ውስጥ ደግሞ በአንድ ዝላይ ወደ 25 ጊዜ። «ከመጀመሪያው ዮድ መነሣቱስ?» አለ ልጁ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚያ ዮድ ተነሥተህ እስከ 50 ያሉትን ዝላዮች ሁሉ ብትሞክር ስሙን የማግኘት ዕድልህ ከ25 አንድ ነው። መጻሕፍቱ አምስት ናቸው፤ የሚፈለገው ቃል ቶራም፣ ኤሎሂምም፣ ሙሴም ሊሆን ይችላል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይቆጠራል። ካልሆነም ዝላዩ 49 ይሆንና ቆጠራው ከአምስተኛው ቁጥር ይጀምራል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ይህ ፍለጋ በእኛ ፊደል ለምን እንደማይሠራ ብናስብ የዕብራይስጡ ነገር ይገለጥልናል። «እግዚአብሔር» ሰባት ሆሄ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ አናባቢውን በሆሄው ላይ ስለሚያሳይ ከሁለት መቶ በላይ መልክ አለው። በዝላይ ቆጥረህ ሰባቱን በትክክል ለማግኘት ዕድሜህ አይበቃም። ዕብራይስጥ ሃያ ሁለት ሆሄ ብቻ ያለው፣ አናባቢውን በአብዛኛው የማይጽፍ በመሆኑ ሦስትና አራት ሆሄ የሆኑ ቃላት ከየአቅጣጫው ይፈልቃሉ። ምሥጢሩ የሚበዛበት ምክንያት ቋንቋው አጭር ስለሚጽፍ ነው።

የአጻጻፉም ነገር አለ። ዕብራይስጥ አንዱን ቃል በዋው ወይም ያለ ዋው ይጽፋል። «ትውልድ» የሚለው ቃል በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 4 ሁለቱንም ዋው ይዞ ተጽፏል፤ በምዕራፍ 25 ቁጥር 12 በእስማኤል ትውልድ ላይ ግን አንዱም የለም። የየመን አይሁድ የኦሪት ጥቅልል ከሌሎቹ በ9 ሆሄያት ይለያል። በንባብ ላይ ይህ ምንም አይለውጥም፤ በቆጠራ ላይ ግን አንድ ዋው ሲጨመር ከዚያ በኋላ ያለው ዓምድ ሁሉ ይፈርሳል። ልጁ በደብተሩ ላይ አንድ ሆሄ ጨምሮ ሞከረው። ቶራ ጠፋች።

የእትዬ ጥያቄ

ለጅማ ሰው የማይቀር ቡና ነበር። እትዬ ሁለተኛውን እየቀዱ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ሞት የሚል ካለ ሕይወት የሚልም ይኖራል፤ እስቲ እሱን ፈልግልኝ» አሉት ልጃቸውን።

ማንኛችንም አላሰብነውም ነበር። ልጁ ላፕቶፑን ከፈተ። ያው ሰሌዳ፣ ያው ቀይ ስም። በዕብራይስጥ «ሕያው» ማለት ሔትና ዮድ፣ ሁለት ሆሄ ነው። በስምንት አቅጣጫ ፈለገ፤ ስድስት ቦታ ላይ ተገኘ። አንደኛው የእናቱን ስም የመጀመሪያ ሆሄ ይነካል።

የልጁ ፊት በራ። እትዬ እልል አሉ። «ይኸው! ይኸው!»

እዚህ ላይ ነው የተፈተንኩት። ዝም ብል ነገሩ ባማረ ነበር። እናት ወደ ሕክምናቸው ይሄዳሉ፣ ልጅ ይተኛል፣ እኔም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ግን ደስታው የቆመበት መሠረት ፍርሃቱ የቆመበት ነው። ነገ ልጁ ሰሌዳውን አስፍቶ ሌላ ሞት ቢያገኝ፣ ዛሬ ዝም ያልኩት እኔ በምን አፌ እመልሰዋለሁ? ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ተናገርኩ። ሕያው የሚለውም መልእክት አይደለም አልኩ። ሁለት ሆሄ ስለሆነ በዚያ ስፋት ሰባት ጊዜ ያህል ይጠበቃል፤ ስድስቱ መውጣቱ የሚያስገርም አይደለም።

እትዬ ተቆጡኝ። «ምን አለበት ብትተወው?» አሉ። መሪጌታም ወደ መሬት አዩ። ልጁ ግን ለረጅም ጊዜ አየኝና «ጥሩውንም ከጣሉት፣ ክፉውንም መጣልዎ የምር ነው ማለት ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ራሱ የሠራው ፈተና ነገሩን ጨረሰው። የኦሪትን 304,805 ሆሄያት በኮምፒውተሩ እንደ ካርታ በውዞ፣ ትርጉም የሌለው የሆሄ ክምር አደረጋቸውና በዚያው ፕሮግራም የእናቱን ስም ፈለገ። ስሙ ወጣ። ሞትም ከአጠገቡ ወጣ። ሕያውም ወጣ። እንደገና በወዘ፤ እንደገና ወጡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲበውዝ አድሮ ጠዋት ሱቁ ከመሄዱ በፊት አጥሩን አንኳኩቶ ነገረኝ። «ማንም ያልጻፈው ነው የሚናገረው» አለ። ይህን እኔ ብነግረው ኖሮ እንደዚያ አይገባውም ነበር።

የቀረው ፍርሃት

የጉዳዩ ግማሽ ግን አሁንም አልተፈታም ነበር። ሆሄው ሲወድቅ ልጁ ያረፈ መስሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን እናቱ «አሁንም አይበላም» አሉኝ። አባቱን ያነሣልኝ ያን ጊዜ ነው። የሆስፒታሉን በር፣ ሳጥኑን፣ በዕለቱ ለብሶት የነበረውን የትምህርት ቤት ሹራብ። ፍርሃቱ ከፕሮግራሙ በፊት ነበር፤ ፕሮግራሙ ያደረገው ለፍርሃቱ ፊደል መስጠት ነው።

ለዚህ የሚሆን ስሌት የለኝም። አብሬው ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ሐኪሙ ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ ሆኖም ወረቀት አውጥቶ አንገትን ሥሎ አሳየው። እንቅርቱ የት እንዳለ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን እንዴት እንደ ተጫነ፣ ለድምፅ የሚያገለግለው ነርቭ በየት በኩል እንደሚያልፍና ለምን እንደሚጠነቀቁለት። አደጋ የለውም አላለውም። ቢቆይስ ምን ይሆናል ብሎ ሲጠይቀውም በቀጥታ መለሰለት። ልጁ ያን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከቀጠሮው በፊት ደም ሰጠ።

ጎረቤታችን የሆኑት ሙስሊም አዛውንት ለእትዬ ዱዓ ሊያደርጉ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የፊደሉን ነገር ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። በቁርኣንም ላይ በ19 ቁጥር ዙሪያ እንዲህ ያለ ነገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተነሥቶ ብዙ ሰው ማደናገሩን፣ ዑለማዎችም መቃወማቸውን ነገሩን።

እትዬ በቀጠሯቸው ቀን ገቡ። እኔና ልጁ ከደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ እሱ የበሩን እጀታ እንጂ ሌላ ነገር አላየም። ሲወጡ ከቀትር በኋላ ሆኗል። ለሦስት ሳምንት ያህል ድምፃቸው ሻክሮ ነበር፤ ሹክሹክታ ይመስል ነበር። ዛሬ አጥሩን ተሻግረው ሲጣሩኝ እንደ ድሮው ነው።

ፕሮግራሙ አሁንም ከላፕቶፑ ላይ አለ፤ አጥፋው አላልኩትም። የካሬ ደብተሩን ቅጠል ግን ቀዶ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። በየመስመሩ ስምንት ስምንት ሆና የተጻፈችው የዘሌዋውያን መጀመሪያ ናት። በእርሳስ ከላይ ወደ ታች ያሰመረበት ዓምድ አሁንም ይታያል። በቀይ እስክሪብቶ የከበበው ግን ከሁለተኛው መስመር መጨረሻ ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው የሚሻገረውን ነው።

ዕብራይስጡን ቋንቋውን ልማር ሲል መሪጌታ «ከዘመዱ ጀምር» ብለው ግእዝ ያዙት። ሐሙስ ሐሙስ ማታ እትዬም ቡናቸውን ይዘው አብረው ይቀመጣሉ። መቶ አሥራ ስምንተኛውን መዝሙር በየስምንት ቁጥሩ እየዘለቁት ነው፤ ባለፈው ሐሙስ ላሜድ ላይ ደርሰዋል።